የማክሰኞው የዙ ጉዞ፦ አንቺና ባልሽ ቤት ቅሩ

ለልጄ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ልጆቹስ? የላክሽልኝን የዋሽንግተኑን ዙ (የእንስሳት ማቆያ) ፕሮግራም መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል ጊዜ ፈልገሽ ማዘጋጀትሽ ደስ ብሎኛል። ግን የኔ ልጅ፣ ፓንዳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ፣ እባብ፣ የወፍ ቤት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሙዚየም? እኛ እኮ አያቶች ነን፣ የልዑካን ቡድን አይደለንም።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርሽ። አንቺና ባልሽ አትመጡም።

አትቆጪ፣ ምክንያቱን ስሚኝ። አንቺ ካለሽ ልጆቹ የሚሮጡት ወደ አንቺ ነው። ሲጠማቸው "ማሚ"፣ ሲደክማቸው "ማሚ"፣ ዝሆኑ ጆሮውን ሲያወዛውዝ "ማሚ፣ ማሚ"። እኛ ከኋላ ቦርሳና ጃኬት ተሸክመን እንከተላለን፣ ፎቶ ሲነሳ "ኑ ግቡ" እንባላለን፣ በቃ። አማትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው እስካሁን ያዩት አሜሪካ ቤተ ክርስቲያንና ኮስትኮ ገበያ ነው። ትንሿ ገና ታፍራቸዋለች፤ እናቷ ቀሚስ ሥር መደበቂያ እያላት ደግሞ መቼም አትለምዳቸውም። ስለዚህ ሦስት አያት፣ ሁለት ልጅ። አንቺ ተኚ።

ቀኑ ማክሰኞ ይሁን። ቅዳሜ ሰዉ ይበዛል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እናትሽንና አማትሽን እህል ውሃ ሳይቀምሱ በዚያ የዋሽንግተን ወበቅ አላስኬዳቸውም። እና የግድ ከፍልሰታ በፊት መሆን አለበት። ነሐሴ 1 ከገባ፣ በነሱ ኦገስት 7 መሆኑ ነው፣ ሁለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አይቀምሱም፣ ሐኪም ቢያዝም፣ እኔ ብቆጣም፣ አንቺ ብትለምኚም። ታውቂያቸዋለሽ።

መንገዱን አስቤበታለሁ። ሜትሮ ለልጆቹ ደስ ይላል፣ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ያ ቀዩ መስመር መሀል ከተማ ድረስ ወርዶ ተጠምዝዞ ነው መልሶ የሚወጣው። የምንወርድበት ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ያለው ኤስካሌተር ደግሞ ከሥር ቀና ብለሽ ስታዪው መጨረሻው አይታይም፤ እናትሽ አንዴ አይታው "እኔ እዚህ ላይ አልወጣም" ብላ ቀርታለች። መኪና ይሻላል። ፓርኪንጉ 30 ዶላር ነው፣ እሱን አንከፍልም። ባልሽ ጠዋት ኮኔቲከት አቬኑ በር ላይ አውርዶን ይሂድ። ሲወስደን ደግሞ በዚያ በር አይምጣ። ታችኛው በር፣ በሃርቫርድ ስትሪት በኩል ይጠብቀን።

ይህቺን ልብ በይልኝ፣ የፕላኑ ነፍስ እሷ ናት። ዙው ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከኮኔቲከት በር ገብተሽ ወደ ሮክ ክሪክ እየወረድሽ ነው የምትሄጂው። ሰው እየሳቀ ይወርድና እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ልጁን አዝሎ ጋሪ እየገፋ ያንን ዳገት መልሶ ይወጣል። ላብ ያጠመቃቸውን አባቶች አይቻለሁ፣ ያሳዝናሉ። እኛ ከላይ ገብተን ከታች እንወጣለን። አለቀ። እናትሽ "ጉልበቴን የሚገዘግዘው ቁልቁለቱ ነው እንጂ ዳገቱ አይደለም" ትላለች፣ እውነቷንም ነው፣ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው መውረድ ነው የሚከብደው። ምርኩዟን ትይዛለች፣ አግዳሚ ወንበር በተገኘ ቁጥር እንቀመጣለን። ለዚህ ነው ፕሮግራምሽን የቆራረጥኩት።

ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት ይከፈታል። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ እንሁን። እንስሳም እንደ ሰው ነው፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ሥር ይዘረጋል፣ ልጆቹም "ተኝቷል" እያሉ ያልፋሉ። ገና ሳይሞቅ ነው የሚንቀሳቀሰው።

መጀመሪያ ፓንዳ፣ ምክንያቱም ካላዩ ሰላም አይሰጡንም። ትልቁ ልጅሽ ፓንዳ ድንክዬ ነገር ይመስለዋል፣ ሲያየው ይገርመዋል። ባኦ ሊ የሚባለው ወንዱ በ2024 ጥቅምት ከቻይና ነው የመጣው፣ ከቺንግ ባኦ ጋር። ግን ስሚኝ፣ እናቱ ባኦ ባኦ የተወለደችው እዚሁ ዋሽንግተን ነው፣ በ2013። አያቶቹ ሜይ ሺያንግና ቲያን ቲያን ከ2000 እስከ 2023 እዚሁ ግቢ ነው የኖሩት። ልጁ የአያቶቹ ቤት ነው የገባው ማለት ነው! ይህንን ለትልቁ እኔ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ ቀድመሽ እንዳታበላሺብኝ።

ቀጥሎ ኦራንጉታኖቹ። ገመዱን ታስታውሺዋለሽ? ከዝንጀሮዎቹ ቤት ተነስቶ ወደ ሌላው ሕንፃ የሚሄድ የብረት ገመድ አለ፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከሥሩ ሰው ይሄዳል። ደስ ሲላቸው ብቻ ነው የሚወጡት፣ ማንም አያስገድዳቸውም። አንዱ ቀይ ጠጕሩን አንጠልጥሎ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ መሀል ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይሽ፣ ማን ማንን ሊያይ እንደመጣ ግራ ይገባሻል። አማትሽ "በስመ አብ" እንደሚሉ ከአሁኑ ይታየኛል። እዚያ ጥላም ወንበርም ስላለ ረዘም አድርገን እንቀመጣለን፣ ቡናም እዚያው ነው። ፔርሙዙን እኔ እይዛለሁ።

እዚያው አጠገብ የትናንሽ እንስሳት ቤት አለ። አየር ማቀዝቀዣ ስላለው ብቻ እንኳ ይገባል። ግን ጠጕር የሌለው ፍልፈል አለ፣ ያችን አሳያቸዋለሁ። እውነቴን ነው፣ መልኳ አያምርም። ሮዝ ቆዳ፣ የተሸበሸበ፣ ጥርሶቿ ወደ ውጭ የወጡ። ነገር ግን የአገራችን ልጅ ናት፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ነው የምትኖረው፣ እንደ ንብ ንግሥት አላት፣ ከ30 ዓመት በላይም ትኖራለች። አይጥ የሚያህል ነገር ሠላሳ ዓመት! ትልቁ "ኢትዮጵያ ውስጥ ምን አለ?" እያለ ሲጠይቀኝ ስለ ላሊበላ ብነግረው ያዛጋል፣ በዚህች ግን እንደማያዛጋ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ወደ ታች ወርደን አንበሳ። አማትሽ ያደጉት ስድስት ኪሎ ነው፣ አንበሳ ግቢ አጠገብ። ሌሊት ሲያገሳ አልጋ ውስጥ ሆነው ይሰሙ እንደነበር ለኔ ነግረውኛል፣ ለልጆቹ ግን አልነገሯቸውም፣ ማን ጠይቋቸው። እዚያ ቦታ ላይ እሳቸው ይናገሩ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ከቻልኩ ነው እንግዲህ፣ ምክንያቱም የኔም ታሪክ አለኝ። በፈረንጆች 1903 መጨረሻ ላይ ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ንጉሡም ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአንበሳ ስጦታ ላኩ። ዋይት ሐውስ ሳሎን ውስጥ አንበሳ አይቀመጥም፣ ስለዚህ የምኒልክ አንበሳ እዚሁ ዙ ገባ። ከሁላችንም ቀድሞ ዲሲ የገባ ሐበሻ በይው።

መጨረሻ ላይ ታች ያለው የልጆች እርሻ። ፍየልና ላም ነው ያለው። አማትሽ "ፍየል ለማየት ነው አሜሪካ የመጣሁት?" ማለታቸው አይቀርም፣ ግን ትንሿ ፍየል ትነካለች፣ እሳቸው ፍየል እንዴት እንደሚያዝ ያሳይዋታል፣ መውጫውም እዚያው ነው። ዝሆኑን በመንገዳችን ላይ ካገኘነው አገኘነው። የወፍ ቤቱን፣ እባቡንና ሙዚየሙን ሰርዤዋለሁ።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ በር ላይ ግን ቦርሳ ይፈተሻል፣ ስለዚህ ቢላዋ እንዳትከቺ፣ ዳቦው ቤት ተቆርጦ ይምጣ። እናትሽ ፍርፍር ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ ትይዛለች፣ ቀዝቅዞም ይበላል። ለልጆቹ ሙዝና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ያንን የሚንጠባጠብ ቸኮሌት እባክሽ ተዪው። ውሃ በደንብ፣ ኮፍያ ለሁሉም፣ ሰንስክሪን ለሚፈልግ። የአማትሽን የደም ግፊት መድኃኒት ከቁርስ በፊት እንዳይረሱ አንቺ አስታውሺያቸው፣ እኔ ሳስታውሳቸው ያፍራሉ።

ታብሌቱ ቤት ይቅር። ትልቁ ቢያኮርፍም ይቅር።

ስለ መጥፋት እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ሁለቱም ያንን ቢጫ ቲሸርት ይልበሱ። የትንሿ ክንድ ላይ የኔን ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፊ፣ የአንቺን አይደለም፣ አንቺ ሩቅ ነሽ። ትንሿ የእናትሽን እጅ፣ ትልቁ የኔን፣ አማትሽ መሀል። ሽንት ቤት ባየን ቁጥር፣ ቢመጣም ባይመጣም፣ ሁሉም ይገባል። ይህ ሕግ ለልጆቹ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ጋሪውን አምጪው፣ ትንሿ "አልቀመጥም፣ ትልቅ ሆኛለሁ" ትላለች፣ ግን ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ እጇን ትሰጣለች። እስከዚያ ቦርሳ እንጭንበታለን።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ነገር ግን ፓስ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይወጣል፣ ለሕፃንም ጭምር። የአምስት ሰው አውጪና ስልኬ ላይ ላኪልኝ፣ ፎቶ አድርገሽ እንጂ ሊንክ አድርገሽ አይደለም፣ ሊንኩ ሁልጊዜ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ባልሽ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ታችኛው በር ይሁን። ከሰዓት ሥራ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ አናስረፍደውም። ከዚያ በፊት ግን እየደወላችሁ "የት ደረሳችሁ፣ በልተዋል ወይ" አትበሉ። አንዴ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ፎቶ እልክልሻለሁ።

ዛሬ ማታ እሺ በዪኝ፣ እናትሽ ለፍርፍሩ እንጀራ ማዘዝ አለባት።

አባትሽ