ሃያ ስድስተኛው ቅርስ በፎን ቋንቋ ሲናገር ሰማሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ስለ በርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የወጣውን ዜና አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ገጹን የሞላው ቀይ ምንጣፍ ላይ የቆሙ ተዋንያን ፎቶግራፍ ነው። የፌስቲቫሉን ከፍተኛ ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ ስላሸነፈው «ዳሆሜይ» የተባለ ፊልም የተጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ስሕተት አለበት። ጽሑፋችሁ እንደሚለው ሳይሆን፣ ፊልሙ ዛሬ ናይጄሪያ ከምንላት ምድር ስለተዘረፉት የነሐስ ቅርሶች አይናገርም። እነዚያን እ.ኤ.አ. በ1897 የወሰደው የእንግሊዝ ጦር ነው። ዳሆሜይ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የዛሬዋ ቤኒን ሪፐብሊክ ስም ነበር። የነገሥታቱን መናገሻ አቦሜይን በ1892 እ.ኤ.አ. ይዞ ንብረታቸውን የወሰደውም የፈረንሳይ ጦር ነው። ሰው መቅደላንና አድዋን ቢያምታታብን ዝም አንልም፤ ቤኒናውያንም ዝም ሊሉን አይገባም።

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ በርሊን ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ የፌስቲቫሉን የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ አስቀድሜ ፈቃድ እጠይቅበታለሁ። ቀድሞ ትኬት የሚሸጠው ፖትስዳመር ፕላትዝ በሚገኝ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰዉ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ይዞ ደጃፉ ላይ ያድራል፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሻይ እየተካፈልኩ ስንት ሌሊት ስለ ፊልም አውርቻለሁ። አሁን ሁሉም በኢንተርኔት ሆኗል። ዘንድሮ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ስልኬን ይዤ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅኩና ሁለት ትኬት ለእሑድ፣ አንድ ለቅዳሜ አገኘሁ።

ቅዳሜ ያየሁት አንድ የኢራን ፊልም ነው። ቴህራን ውስጥ ብቻዋን የምትኖር የ70 ዓመት ባልቴት አንድ አረጋዊ የታክሲ ሾፌር ለአንድ ምሽት ቤቷ ትጋብዛለች። ሥራዬ ከእንደዚህ ያሉ እናቶች ጋር ስለሆነ ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሁለቱ አዘጋጆች ከአገር እንዳይወጡ ስለተከለከሉ ፊልማቸው በርሊን ላይ ሲታይ አልነበሩም። ይህም በገጻችሁ ቢጠቀስ መልካም ነበር።

እሑድ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ከልጄ ጋር ነበር የገባሁት። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በጀርመንኛ ነው። «ዳሆሜይ» 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ልዩ ሕግ አውጥታ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ለቤኒን የመለሰቻቸውን 26 ቅርሶች ከፓሪስ ሙዚየም እስከ ቤኒኗ ከተማ ኮቶኑ ይከተላል። ባለሙያዎች በጓንት እያነሡ ይለካሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ በሣጥን ያሽጋሉ። ክዳኑ ሲገጠም እኛም በጨለማው ውስጥ አብረን ቀረን። በዚያ ጨለማ ውስጥ የዳሆሜዩ ንጉሥ የጌዞ ሐውልት ከቤኒን ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በፎን መናገር ጀመረ። ድምፁ የብዙ ሰው ድምፅ የተደራረበበት ይመስላል። በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «26» የሚል ቁጥር እንደተሰጠው ይናገራል። አዘጋጇ ማቲ ዲዮፕ ይህን ድምፅ በፈረንሳይኛ ብታደርገው ኖሮ ፊልሙ ግማሹን ኃይሉን ያጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ግን በቤኒን የአቦሜይ ካላቪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክርክር ነው። ከተወሰደው 7,000 ቅርስ 26 ብቻ መመለስ ስድብ ነው የሚል አለ። መመለሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው የሚል አለ። አንዲት ተማሪ በፈረንሳይኛ እየተናገረች፣ ሐሳቧን በገዛ ቋንቋዋ መግለጽ አለመቻሏን በምሬት አነሣች። ልጄ በዚያ ቅጽበት እጄን ያዘችኝ፤ እስኪያልቅም አልለቀቀችኝም።

አያቴ የተንታ ሰው ነበረች። ስለ መቅደላ ስታወራ ከጦርነቱ አትጀምርም፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ስለወጡት ታቦታትና መጻሕፍት ነበር የምታወራው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ያ ሁሉ ንብረት የተጓጓዘው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ነው። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ የሄዱ ናቸው። የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ካህናት በቀር ወደ እነርሱ የሚገባ የለም። ለማንም የማይታይ ነገር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ለምን ይሆናል? በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙዚየሙ ሕግ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል ይሉናል። ፈረንሳይም የሚከለክል ሕግ ነበራት፤ ፓርላማዋ ተሰብስቦ ለ26ቱ መንገድ ከፈተላቸው።

እኛስ? የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመጣ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ። አቀባበል ተደረገ፣ ንግግር ተደረገ። ወጣቶች አዳራሽ ሞልተው «ይህ ለእኛ ምንድን ነው? የቀረውስ?» ብለው ሲከራከሩ ግን አላየሁም። የዳሆሜይ ዙፋን በሙዚየም ሊታይ ይችላል፤ ታቦት ግን መንበሩ ላይ ካልሆነ ቦታ የለውም። ስለዚህ የእኛ ክርክር ከእነርሱ የተለየ ነው፤ ልንጀምረው የምንችለውም እኛው ብቻ ነን።

ከሲኒማው ወጥተን በብርዱ ወደ ቪልሄልም ጎዳና ሄድን፤ በእግር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 የአውሮፓ መንግሥታት አንድም አፍሪካዊ ሳይጋብዙ አፍሪካን ለመከፋፈል የተሰበሰቡት እዚያ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፤ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞበታል። ልጄ ሰሌዳውን አንብባ ስትጨርስ ዞር ብላ በአማርኛ «እማዬ፣ ታቦት ምንድን ነው?» አለችኝ። የሚገልጸው የጀርመንኛ ቃል አጣሁለት። በአማርኛ ቀስ እያልኩ ነገርኳት፤ ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ ስትጠይቀኝ ነበር።

ልመናዬ ይህ ነው። የፊልሙን ባለመብቶች በጋዜጣችሁ ስም ጠይቁልን። «ዳሆሜይ» በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በደሴ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ይታይ፤ ከዚያም ተማሪዎቹ ይከራከሩ፣ የተናገሩትንም አትሙልን። ጽሑፉን ከጀርመንኛው ወደ አማርኛ ለመተርጎም እኔና ልጄ ዝግጁ ነን። እርሷ ጀርመንኛውን ታነብባለች፣ እኔ አማርኛውን እጽፋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከበርሊን