የአባይን ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ ይወርዳል?

ሚሚዬ፣

ከእማዬ ጋር በስልክ ሰላምታውን ስለጨረስን እዚህ አልደግመውም። ደህና ነኝ። ብሩ መድረሱን ሰምቻለሁ፣ እጮኛሽ ለሚነዳው ከነጩ አውቶማቲክና ከሰማያዊው ማንዋል የትኛውን እንግዛ ያላችሁኝን የሁለቱን አይሱዙዎች ፎቶም አይቻለሁ። የድምፅ መልእክትሽን ደጋግሜ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ "አንተ ደግሞ ጠፋህብን እኮ" ያልሽው ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አልጠፋሁም። እዚህ በረዶ ሲጥል መንገድ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ጭነት ይዘገያል፣ ጭነት ሲዘገይ አለቃ ይጨቀጭቃል። እጄ ስልክ የሚይዘው እናንተ ከተኛችሁ በኋላ ነው። ደግሞ ባዶ እጄን ደውዬ ምን ልበላችሁ? ብሩ ይሙላ፣ ከዚያ እደውላለሁ እያልኩ ነው ጊዜው የሄደው። ለአባዬ ይህን በደንብ አስረጂልኝ። እሳቸው የሰው ድምፅ ከራቀባቸው ወዲያው ክፉ ክፉውን ነው የሚያስቡት።

በይ አሁን ወደ መኪናው።

ማንዋሉን ግዙ። ሰማያዊውን። እጮኛሽ "ወንድምሽ ራሱ አሜሪካ አውቶማቲክ እየነዳ ለእኛ ማንዋል ያዝዛል" ማለቱን ነግረሽኛል። አልተቀየምኩም፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ልመልስለት።

እውነት ነው፣ የምነዳው አውቶማቲክ ነው። እግሬ ሥር ያሉት ነዳጅና ፍሬን ብቻ ናቸው። 12 ማርሽ አለው፣ የሚቀያይረው ኮምፒውተር ነው። ውስጡን ብትከፍቺው ግን ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ማለቴ ነው፣ የማንዋል ነው፤ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየው ፍሪሲዮንም አለው። የሚረግጠው እግር ብቻ ነው የቀረው። እዚህ አገር ደግሞ የከባድ መኪና ፈተና በአውቶማቲክ ከወሰድሽ፣ መንጃ ፈቃድሽ ላይ ማንዋል እንዳትነጂ የሚከለክል ምልክት ይገባበታል። አባዬ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ እሱ ሹፌር ነው ወይ?" እንደሚሉ አውቃለሁ። አትንገሪያቸው።

ግን ልዩነቱን ተመልከቺ። የእኔ መኪና ሲበላሽ ደውዬ ቁጭ እላለሁ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ ይሰካዋል፣ ችግሩን ያነባል። ሂሳቡን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ነጩ አይሱዙ ጤፍ እንደጫነ ደጀን ላይ ቢቆም ግን ማን ያነበዋል? ማንስ ይከፍላል? ደላላው "ፈረንጅ የነዳው ነው፣ በጨረታ የወጣ" ብሎሻል። ያምራል፣ አልክድም። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ነገር ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚኖረው በዘይቱ ነው። የራሱ የሆነ ዘይት ይፈልጋል፣ በጊዜው መቀየር አለበት። ሙሉ ጭነት ይዞ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሲያምጥ ዘይቱ ይግላል። ደጋግሞ ከጋለ ይቃጠላል፣ ውስጥ ያሉት ሸራዎችም አብረው ይሄዳሉ። ያኔ ካምቢዮው ይውረድ ሲባል መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ካልተገኘ ዱባይ ነው። መኪናው ቆሞ፣ እናንተም ቆማችሁ።

ሌላም አለ። ባትሪ ቢደክም ማንዋሉን ቁልቁለት ላይ ለቀቅ አድርጎ፣ ሁለተኛ ከትቶ ማስነሳት ይቻላል። አውቶማቲኩ በዚህ አይነሳም። ተበላሽቶ በገመድ ልጎትተው ብትሉም ጉድ ነው። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ካልተፈታ፣ የሚጎትተው ሰው ራሱ ይጨርሰዋል።

ማንዋሉ ወጪ የለውም እያልኩሽ አይደለም። የፍሪሲዮኑ ሸራ ያልቃል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚቆም ሹፌር እጅ ከገባ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ግን ሸራና ኩሽኔታ መቀየር ደብረ ማርቆስ ያለ ጋራዥ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

አሁን ያንን ከባዱን ክርክርሽን ልመልስ። "የአባዬን ጉልበት የጨረሰው ፍሪሲዮን አይደል? የእኔም ባል እንደዚያ ይሁን?" አልሽ። እዚህ ላይ ድምፅሽ ተቀይሮ ነበር። እኔም ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አንቺ አታስታውሺም። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘጋ ገና ሕፃን ነበርሽ። አባዬ ከአሰብ ሲመለሱ ኤንትሬውን፣ ያንን የድሮ ፊያት ከባድ መኪና፣ በር ላይ አቁመው ወዲያው አይወርዱም ነበር። መጀመሪያ ቀኝ እግራቸውን ያወጣሉ። ግራውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ሥር ይዘው፣ አንስተው ነው የሚያወርዱት። እማዬ በርጩማ ታቀርባለች፣ እግራቸውን ትዘረጋላቸዋለች፣ ጉልበታቸውን በቅቤ ታሻለች። እሳቸው ደግሞ ስለ ጉልበታቸው ሳይሆን ስለ ጎማ ነው የሚያወሩት። አንዳንዴ ጋቢና ይዘውኝ ሲሄዱ አያቸው ነበር። አንዱን ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጣሉ። ረግጠው ወደ ፎሌ (ማርሽ ወደሌለበት ቦታ)፣ ለቀቅ፣ ነዳጅ ነካ፣ እንደገና ረግጠው ማርሹን ያስገባሉ። ያ ፔዳል ብረት ነበር። በዚያ ላይ ሽቅቡ፣ በዚያ ላይ የአፋር ሙቀት።

የአይሱዙ ፍሪሲዮን እንደዚያ አይደለም። የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው፣ አንቺም ብትረግጪው አይከብድሽም። ጉልበት ይጎዳል ከተባለ ከፍሪሲዮኑ ይልቅ ያለ እረፍት መንዳቱ ይጎዳል። እዚህ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት በሕግ ክልክል ነው፣ መኪናው ራሱ ይቆጥርብሻል። እዚያ የሚቆጥርለት የለም፤ አንቺ ቁጠሪለት።

የአባዬን ጉልበት ካነሳን አይቀር፣ ጠበል መሄዳቸውን አልቃወምም። ይሂዱ። ግን ሐኪምም ይየው። "እድሜ ነው" ይሉሻል። እሺ አትበያቸው። ለምርመራው የሚሆነውን ከመኪናው ብር ለይቼ ልኬዋለሁ፣ ቀላቅላችሁ እንዳታጠፉት። እማዬ ጨው ቀንሻለሁ ብላኛለች። እውነት ነው? ወጡን ቅመሺና ንገሪኝ።

ብር ቆጥቤ ማንዋል ያልኩ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ነጩ ላይ ያለውን የዋጋ ልዩነት ጨምርልኝ ብለሽኛል። እሺ፣ ትንሽ እሱም አለበት። አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ብር የሚያፍስ ለሚመስላቸው ዘመዶቻችን ግን አንቺ መልሺላቸው፣ እኔ ደክሞኛል። መኪናዬ ውስጥ አልጋ አለ፣ ምቹ ነው፣ ማሞቂያም አለው። ዴንቨር ስመለስ ከአጠገቡ አውሮራ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፣ ሽሮ እበላለሁ። አስተናጋጇ ሽሮውን እየተንተከተከ ስታስቀምጠው ቶሎ አልጀምርም። ሽታው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ይህን ለእማዬ አታንብቢላት።

የምፈራውን አሁን ልንገርሽ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስትሄጂ አይዘንሃወር የሚባል ዋሻ አለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ። ከዋሻው ስትወጪ 7 በመቶ ቁልቁለት ይጀምራል። መንገዱ ዳር ወፍራም ጠጠር የተሞላ ሽቅብ መውጫ ሠርተዋል። ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና ወደዚያ ይገባል፣ ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ ይቆማል። እዚያ ጋ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አባይ በረሃ ነው። በአውቶቡስ ስንወርድ የሚሸተውን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ታውቂዋለሽ አይደል? ያ ሽታ ፍሬን ሊከዳ ሲል ነው የሚመጣው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፣ ፔዳሉን ብትረግጪውም መኪናው አይቆምም።

አውቶማቲክ ቁልቁለት አይችልም የሚባለው ወሬ ነው። ይችላል፣ እኔ በእሱ ነው የምወርደው። ግን ሹፌሩ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ አስሮ መያዙን ማወቅ አለበት። ዝም ብሎ "ዲ" ላይ ከተወው መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ራሱ ወደ ላይ ይቀይርበታል። ማንዋል ላይ ሦስተኛ ካስገባሽ ሦስተኛ ነው። ለአባይ የምፈልገው ይህን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሽማግሌ የመጣ ቀን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁኝ ነበር። የሰማሁት ሳልና የብርጭቆ ድምፅ ነው። አባዬ "ልጃችን በስልክ አለ" ሲሉ ሁሉም ጮክ ብለው ሰላም አሉኝ፣ ከዚያ ረሱኝ። እኔም አልዘጋሁም። እጮኛሽ ግን አንድ ቃል አልተናገረም፣ ባህሉም አይፈቅድለትም። ሰውየውን አላውቀውም ማለት ነው። ቤተሰቡ ጨዋ ነው ብላችኋል፣ አምናለሁ። እኔ የማውቀው መኪና ስለሆነ በመኪና ልጠይቀው፦ ከደጀን ወደ ድልድዩ ጭኖ ሲወርድ በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው?

"በሁለተኛ፣ ቢበዛ በሦስተኛ፣ የሞተር ፍሬኑን ከፍቼ" ካለሽ፣ እህቴን ሰጥቻለሁ። ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ ነው ሕጉ፤ አባዬም የሚሉት ይህንኑ ነው። "ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ ነው የምለቀው" ካለሽ ግን ሠርጉን ሳታቆሚ መኪናውን አቁሚው። በፎሌ ናፍጣ አይቆጠብም። ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ማርሽ ላይ ሆነሽ ነዳጅ ስትለቂ ግን የአሁኖቹ የናፍጣ ሞተሮች መርጨታቸውን ያቆማሉ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ መጫንም ያው ነው። እህል በረንዳ ለመድረስ የሚቸኩለው ደላላው ነው፣ እሱ አይቸኩል።

ሰማያዊውን ልታዩ ስትሄዱ ሳትነግሩ ሂዱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ። አስነስታችሁ ሞቅ ይበል። እጮኛሽ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሦስተኛ ማርሽ ከትቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሞተሩ ታንቆ ከጠፋ ሸራው ይይዛል። መንጫጫቱን ከቀጠለ ሸራው አልቋል፣ ከዋጋው አስቀንሱ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ጢር የሚል ድምፅ ከመጣ ኩሽኔታው ነው። ከዚያ ጭነት እንደያዘ ቁልቁለት ላይ ይንዱት፤ ነዳጅ ሲለቁ ማርሹ ራሱ ተፈናጥሮ ከወጣ ግን በቅናሽም አትግዙት። የካምቢዮውን ዘይት ትንሽ አስቀድተሽ በጣትሽ እሺው። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ተመለሱ። ይህን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጪልኝ፣ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ።

ስለ ሠርጉ፦ ከጥምቀት በኋላ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለ መምጣቴ እማዬ ለጎረቤት "ይመጣል" እያለች መሆኑንም ሰምቻለሁ። የወረቀቴ ነገር በእኔ እጅ አይደለም፣ እባክሽ አንቺም አትጠይቂኝ። የአባዬን ሱፍ እኔ ነኝ የማሰፋው። ልኩን ላኪልኝ፣ ሱሪው ግራ ጉልበቱ ላይ ሰፋ ይበል። የመልስ ቀን ካባሽን ለብሰሽ ስትገቢ ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡኝ። አንድ ልጅ እጁ ላይ ይያዘኝ፣ ፊትሽን ልይ።

አንድ የቀረ አለ። ሊብሬው ከሠርጉ በፊት በአንቺ ስም ይውጣ። እሱ ቅር ካለው "ወንድሜ ነው ያለው" በይውና ለእኔ ይደውል። እናንተ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ማታ 4 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት መኪናውን አቁሜ ነው የምገኘው።

ወንድምሽ