ከቁልፉ በፊት ሥልጠና፦ ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ አዳዲስ ርዕሳነ መምህራን ሥራ ከመረከባቸው በፊት እንዲሠለጥኑ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት ጠመኔ ይዤ የኖርኩ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ርዕሳነ መምህራንን ለመክሰስ ሳይሆን ለእነሱ ለመሟገት ነው።

ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ነበረን። ደወል ተደውሎም ተማሪው ከብቦት ይቆማል። ጎበዝ ነው ተባለና ርዕሰ መምህር ሆነ። የቢሮ ቁልፍ፣ ማኅተምና የርክክብ ፎርም ሰጡት፤ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ መጻሕፍት መጡ። በንብረት ገቢ ቅጹ በሞዴል 19 ገቢ ሆኑና ግምጃ ቤት ተቀመጡ። በወጪ ቅጹ በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ማከፋፈል ሲገባው «ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ» እያለ መፈረም ፈራ። ኦዲት እንዲፈራ ያስጠነቀቀው ብዙ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አሠራሩን ያሳየው ግን አልነበረም። መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ፣ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን። ያላዋቂ ሳሚ ነው እንዳይባል ሰውዬው አዋቂ ነው፤ የሚያውቀው ግን ፊዚክስ ነው። የፊዚክሱን ክፍለ ጊዜም በሥራ ብዛት የተጨናነቀ ሌላ መምህር ደረበው።

ግዥ፣ የድጎማ በጀት፣ የክፍል ምልከታ፣ ወላጅ ሲቆጣ፣ ሁለት መምህራን ሲኳረፉ፦ ይህ ሁሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የትምህርት አመራሩ ሙያዊ ይሁን ብሎ ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት የተቀሰረው በመምህሩ ላይ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የአመራር ነው አልልም፤ መምህሩን ማን፣ በምን ዕውቀት እንደሚመራው ግን መጠየቅ ነበረበት።

በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዕድሉ የሚደርሰው ሰውዬው ከተሾመ በኋላ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ተሿሚዎች ትምህርት ሳይከፈት፣ ነሐሴ ላይ፣ በንብረት፣ በበጀትና በክፍል ምልከታ ይሠልጥኑ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ትምህርት ክፍል ያለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ሥልጠና ስልም አዳራሽ ውስጥ ፓወር ፖይንት አይቶ፣ አበል ፈርሞ መመለስን አይደለም። እውነተኛ ሞዴሎች ይሞሉ፣ እውነተኛ ክፍል ገብተው ይመልከቱ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ልምድ ካለው ርዕሰ መምህር ጋር ተጣምረው ይሥሩ። ሞክሮ አመራሩ አልሆነልኝም ያለ ደግሞ ሳያፍር ወደ ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ ይኑር።

ከመጪው ነሐሴ ሹመት ጀምሮ ይህ ይቻል እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ መልሱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በጽሑፍ ቢያወጣልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጅማ መምህር

ግልባጭ፦ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ትምህርት ክፍል