ከውሳኔው በኋላ ያለውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

«የልጅ ቀለብ ለመጠየቅ ጠበቃ አያስፈልግም» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያያዝ፣ አባትነቱን የካደ ሰው በዲኤንኤ ምርመራ እንደሚረታ በደንብ ተጽፏል። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ያንገበገበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋችኋት አንዲት መስመር ናት፤ «ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ገንዘቡ ከአባትየው ደሞዝ ላይ ይቆረጣል።»

ከየትኛው ደሞዝ?

ሰውየው ተቀጣሪ ከሆነ እሺ። ትእዛዙ ለመሥሪያ ቤቱ ይደርሳል፣ ሒሳብ ክፍል ይቆርጣል፣ አለቀ። የልጄ አባት ግን ነጋዴ ነው። «ቁረጥ» ተብሎ የሚታዘዝ አለቃ የለውም፣ የሚቆረጥ ደሞዝም የለውም። የሚነዳት መኪና በወንድሙ ስም ናት። እንደ እኔ ያለች አንዲት እናት እንኳ ብታናግሩ ኖሮ ይህን ትነግራችሁ ነበር። ዘገባችሁ ውስጥ ግን አንዳችንም የለንም።

ውሳኔው እጄ ላይ አለ። ማኅተም አለው። በየወሩ ስንት እንደሚከፍል በፊደልም በአኃዝም ተጽፎበታል። ይዤው ውሳኔ ወደሚያስፈጽመው የፍርድ ቤቱ አፈጻጸም ክፍል ስቀርብ «ንብረቱን አሳዪ» ተባልኩ። የባንክ ሒሳቡ የት ነው? ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? እኔ ከየት አውቄ! ባንኩ ጋ ስሄድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ ይለኛል። ትእዛዙ እንዲወጣ ደግሞ በደንብ የተጻፈ ሌላ ማመልከቻ ይፈለጋል። መኪናዋን ለማሸሽ ሲል በወንድሙ ስም አዛውሯት ከሆነ ያንን ለመቃወም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። አያስፈልግም ያላችሁት ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያውን አቤቱታ በነፃ ወደጻፈልኝ ቢሮ ተመለስኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ፋይሌን አወጣች። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሳኔ አግኝቷል» ተብሎ ተጽፏል። በጣቷ አሳየችኝና «እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ እኛ ጋ ተዘግቷል» አለችኝ። በእነሱ ሪፖርት እኔ እርዳታ አግኝቻለሁ። ልጄ ግን ከዚያ ወረቀት እስካሁን ሳንቲም አላየም።

ይህን ስል ያለ ልክ ጠየቅሽ የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 መንግሥታት የልጁ ቀለብ ከወላጅ እንዲገኝ ማናቸውንም ተገቢ እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል፤ ወላጁ ውጭ አገር ቢሆን እንኳ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሔግ የተፈረመው የቀለብ ስምምነት ደግሞ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ በአባል አገሮች መካከል፣ በመርህ ደረጃ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ያውም ውሳኔ ለማስፈጸም ጭምር። ታዲያ ባሕር ተሻግሮ ለሄደ አባት የታሰበው፣ በየቀኑ በዓይናችን ለምናየው ለምን አይታሰብም?

እናንተም ብትጽፉት ለብዙዎች የሚጠቅም ነገር ነበር። ክስ ከመመሥረቱ በፊት የሰውየውን ንብረት ማስረጃ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ የሱቁን ፎቶ፣ በፊት ገንዘብ የላከበትን የሒሳብ ቁጥር፣ የመኪናውን ሰሌዳ። መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ብዙው ነገር ይሸሻል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ እንዳይራብ ጊዜያዊ ቀለብ መጠየቅ የሚቻልበት ቦታም ብዙ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። እናንተም አልነገራችሁም።

እርማት አውጡ። ያነጋገራችኋቸውን የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮዎች መልሳችሁ ጠይቁልን፤ ከውሳኔ በኋላ አፈጻጸሙን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ ወይስ ፋይሉን ትዘጋላችሁ? የሚሉትን ከነስማቸው አትሙት።

ውሳኔ በእጇ የያዘች እናት