ከማጡ አውጥቶ ድጡ ላይ የሚጥል ሳይክል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባለ ወፍራም ጎማ ሳይክል በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ጫጫ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ርካሹንም ቢሆን ገዝቶ ክረምትን መሻገር ይቻላል፣ ጎማው ጭቃ አይፈራም ይላል። ጸሐፊው ሳይክሉን የነዱት አስፋልት ላይ ይመስለኛል። እኔ የምነዳው የአንጎለላ መረሬ (ጥቁሩ፣ ሲርስ የሚለጠፈው አፈር) ላይ ስለሆነ ትንሽ ላርማቸው።

ሥራዬ ከብት ማዳቀል ነው። ላም ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ማታውን፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት መድረስ አለብኝ። ካመለጠኝ ባለቤቷ እንደገና ሃያ አንድ ቀን ገደማ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ደግሞ እየቀለበ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሞተር ከቆመ ቆይቷል፣ መቼ እንደሚነሳም የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ግንቦት 2016 አዲስ አበባ ወርጄ፣ ከመርካቶ ያገለገለ ባለ 26 ኢንች፣ የጎማው ስፋት 4 ኢንች የሆነ ሳይክል በ28 ሺህ ብር ገዛሁ። መጀመሪያ የሄድኩባቸው እትዬ ከበራቸው ወጥተው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይሄን ደግሞ ከትራክተር ነው ያዳቀልከው?» አሉኝ። እስካሁን ሰፈሩ በዚሁ ነው የሚጠራኝ።

በመጀመሪያ የክረምት ነገር ይለይልን። ፈረንጅ ክረምት ሲል በረዶ ማለቱ ነው፤ ያውም በታኅሣሥና በጥር፣ እኛ ገብስ በምንወቃበት ወራት። ይህ ሳይክል በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የታሰበው ለአላስካ በረዶና ለኒው ሜክሲኮ አሸዋ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ደግሞ ሰርሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካ አስገብቶ በብዛት ያወጣው ጀመር። በረዶም አሸዋም ጎማ ላይ ተለጥፎ አይቀርም። መረሬ ግን ይለጠፋል።

«ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ድጥ ሌላ፣ ማጥ ሌላ መሆኑን እንዘነጋለን። ማጥ ላይ፣ ለምሳሌ ከብት ሲረግጠው በከረመ መስክ፣ ቀጭን ጎማ ሰምጦ ይቀራል፤ የእኔው ግን ክብደቱን ዘርግቶ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ይህን አልክድም፣ አምና በእግሬ የማልደፍረውን ቦታ አልፌበታለሁ። ድጥ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ታቹ ጠንካራ ሆኖ ላዩ ብቻ በራሰ መንገድ ቀጭን ጎማ ልስላሱን ሰንጥቆ ጠንካራውን ይነክሳል፤ ሰፊው ከላይ እንደ ተንሳፈፈ ይንሸራተታል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ነጠላ የለበሰው ሁሉ እያየኝ በጎኔ ሄጃለሁ። ዕቃዬን አቅፌ ስለወደቅኩ የተላጠው ክርኔ ብቻ ነው።

ዕቃ ያልኩት የናይትሮጅኑን ነው። ላም የማዳቅልበት የኮርማ ዘር የሚቀመጥበት ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይደርሳል፤ የውስጠኛው ዕቃ በአንገቱ ብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ መንገጫገጭ አይወድም። ጸሐፊው ሳያነሱት ያለፉት የዚህ ሳይክል ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ5 እስከ 10 ፒኤስአይ ሲሆን (ተራው የተራራ ሳይክል 30 እና 40 ይፈልጋል) ድንጋዩን እሱ ይውጠዋል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውና ከኋላ የታሰረው ዕቃ ያርፋሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ ቀን ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። እሱም አደራውን እንደ አይሱዙ ነፋልኝ። ያን ቀን እንደ ኳስ እየነጠርኩ ቤቴ ገባሁ። የእሱ መለኪያ ከ10 በታች ያለውን አይቆጥርም፤ ስለዚህ አሁን መለኪያዬ አውራ ጣቴ ነው። ስጫነው ገባ ካላለ አልነሳም።

ወደ ጭቃው ልመለስ። ቤት ስንመርግ ጭቃን ከጭድ የምንለውሰው እንዲይዝ ነው አይደል? በየገበሬው ደጅ ያለውም ያው ነው። ጎማው እየዞረ ይለውሰዋል፣ ከዚያ በጎማውና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመርገዋል፣ ሳይክሉም ቀጥ ይላል። ርካሾቹ ላይ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጣታችሁን ከፔዳሉ ኋላ፣ ጎማው ከብረቱ በሚቀራረብበት ቦታ አስገቡ፤ ሁለት ጣት ካላስገባ ይቅርባችሁ። የእኔ አንድ ብቻ ያስገባል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ እንጨት ከመሪው ጋር አስሬ እዞራለሁ፣ በየመቶ ሜትሩ እየወረድኩ እፍቃለሁ። ሳይክሉን በእህል ነጋዴ ሚዛን ሰቅዬ 19 ኪሎ መዝኖልኛል፤ ከነጭቃው አልመዘንኩትም፣ መሸከሙን ግን ተሸክሜዋለሁ።

ፍሬኑ ዲስክ ይሁን። ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት በጭቃ ዋጋ የለውም። ሸራው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ትርፍ ያዙ።

ያላሰብኩት ወጪ ከኩሽኔታው መጣ። አምና ነሐሴ ሳይክሉን ላቫጆ አስገብቼ እንደ መኪና በኃይለኛ ውኃ አሳጠብኩት፣ ደስ ብሎኝም ፎቶ ተነሳሁ። ውኃው የሞዞውን (የጎማውን እምብርት) ግራሶ ጠርጎ ወስዶት ኖሮ በሁለት ሳምንቱ የኋላው ጎማ እንደ ወፍጮ ይንኳኳ ጀመር። አሁን በባልዲና በጨርቅ ነው የማጥበው፣ ኩሽኔታውንም በየወሩ ፈትቼ ግራሶ እቀባለሁ።

የውስጥ ጎማው ሌላ ራስ ምታት ነው። ባለ 4 ኢንቹን ጫጫም ደብረ ብርሃንም ፈልጌ አጣሁት። የተራውን ባለ 26 ሰፋ ያለውን አስገብቼ ሞክሬያለሁ፤ ተለጥጦ ይሠራል፣ ግን ስለሚሳሳ ቶሎ ይበሳል፣ ልጣፊም ያስቸግረዋል። ሳይክሉን የምታስመጡ ነጋዴዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ከአሥር ሳይክል ጋር ሃያ የውስጥ ጎማ ጨምሩልን። አፉ እንደ መኪና ጎማ ስለሆነ መንፊያ አይቸግረንም፣ የቸገረን ጎማው ነው።

ጓደኞቼ ታዲያ ለምን አትሸጠውም ይሉኛል። አልሸጠውም፤ ነሐሴ ላይ ማጡ ከድጡ ይበዛል። ጸሐፊው በድጋሚ የሚጽፉ ከሆነ ግን ገዢው የሚነዳበት አፈር ቀይ ይሁን መረሬ አስቀድመው ይጠይቁልን። ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም፤ አሥር ሰዓት ላይ የምትጠብቀኝ ላም አለች፣ ሰማዩም ጠቁሯል።

አዳቃዩ ነኝ፣
ከጫጫ፣ ሰሜን ሸዋ