ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይሻልዎታል፤ እዚህ ደሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ገባ፤ በቁመት በልጦኛል። ሚጡ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ቆርቆሮው ኳ ሲል እንዴት እንደሳቀች!

ባለፈው እሁድ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጬ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርቼ፣ ሳልተነፍስ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። በስልክ ደግሞ ጆሮዎ እሺ አይልም። እየጮሁ የሚናገሩት ነገርም አይደለም። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

አባባ፣ ቤቱን እንሽጠው።

በደወልኩ ቁጥር "የበሩን መቆለፊያ ዘይት ቀባሽው?" ይሉኛል። "ቀብቻለሁ" እላለሁ። በር የለም አባባ። ዓመት አልፎታል። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ ቆልፈው ቁልፉን ኮት ኪስዎ የከተቱት እርስዎ ነዎት። ስንመለስ ቴሌቪዥኑና ፍራሹ በመስኮት ሄደው ነበር እንጂ በሩ ቆሞ አገኘነው። በሩ የሄደው ኋላ ነው፣ ቤቱ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ። ከዚያ የጓዳው ቆርቆሮ። ክረምቱ በዚያ ገባ። የአንዱ ግድግዳ ምርጊት ረግፎ ጭዱ ይታያል፤ ማገሩን ምስጥ በልቶት በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ወረደ። እማማ ጠላ ትጠምቅበት የነበረው ጥግ የጫት ገራባና ሃይላንድ ሞልቶታል።

ሰፈሩን ያውቁታል። ድሮም ከመሸ ባጃጅ እሺ ብሎ አይወርድም። አሁን ደግሞ የኛ ግቢ መደበቂያ ሆኗል። ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤት ልጅ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ነጠቋት። ነጣቂዎቹ የወጡት ከኛ ጓዳ ነው። እናቷ አልተቆጡኝም። "ቤታችሁን ዝጉት እንጂ" ብቻ አሉኝ። በምን ልዝጋው?

ገዢ ተገኝቷል። በሕጉ መሬት የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ሰውዬው ግን ቤቱን ቀና ብሎም አላየው። ግቢውን በእርምጃ ቆጥሮ ሄደ። ሊያፈርሰው ነው። ደላላው "ነባር ይዞታ ሲሸጥ ወደ ሊዝ ይገባል" እያለ ዋጋ ይሰብራል። ያው ደላላ አይደል።

የእማማ ድርሻ ስላለበት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቻለሁ። ወንድሜም ከሪያድ በኤምባሲ በኩል ውክልና ልኳል፤ "ሽጡትና ገላግሉኝ" ነው ያለው። የቀረው የእርስዎ ውክልና ነው። ቤቱን መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ ካልሰፈረበት አይሠራም።

የፍርድ ቤቱን ወረቀት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስሜ ከወንድሜ ስም ቀጥሎ ተጽፏል፣ የእህቴም ከኔ ቀጥሎ። እኩል። ያን ቀን ትዝ ይልዎታል? አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ለእንግዳ "ቤቱ የልጁ ነው፤ ሴት ልጅ ነገ ባሏ ቤት ትገባለች" አሉ። እኔ ስኒ እያጠብኩ ነበር። እማማ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ቆርቆሮው በሷ የጠላ ገንዘብ የተገዛ ሆኖ ሳለ! ልጁ ከሄደ 18 ዓመቱ። ግብሩን የከፈልኩት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ፈልጌ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ "ቤትሽ" ቢሉኝ ብዬ ነበር።

ይሁን። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን አልሰርዘውም።

የግፊት መድኃኒትዎን ለቁጠባ ብለው ግማሽ ይቆርጣሉ አሉ። አይቁረጡ። ሳያልቅ እልካለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። መታወቂያዎን ያዘጋጁ፤ ጊዜው አልፎበት ከሆነ ዛሬውኑ ያስደውሉልኝ። ውክልናው እዚያው ኮምቦልቻ ያልቃል፤ ደሴ መምጣት የለብዎትም። እውነቱን ልንገርዎ፣ እንዲመጡም አልፈለግኩም። ግን የሠራችሁት እርስዎና እማማ ናችሁ። ሳይፈርስ ልየው ካሉ መኪና እለምናለሁ፤ ሐረጎን ቀስ ብለን እንወጣለን። ወፍራሙን ኮት ይልበሱ።

ገዢው ቁልፍ አልጠየቀኝም። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።

ልጅዎ