የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአንድሮሜዳ ጭጋግ ምንድን ነው?

ክበባችን በዚህ ዓመት ብዙ ሥራ ከመጀመር ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ መቆየትን መርጧል፤ ይኸውም በዓይን ሲታይ ጭጋግ የሚመስለውን የአንድሮሜዳን ደብዛዛ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣትና ምንነቱን መመርመር ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መገኘቷ ቢጠቅመንም፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ እስኪጠራ እስከ ኅዳር መጠበቅ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ መታገሥና ከከተማው ብርሃን ፈቀቅ ማለት ግድ ነበር። (መብራት የጠፋበት ምሽት ሌላውን ሰው ቢያስከፋም የክበቡን አባላት አስደስቷል።)

ቴሌስኮፕ ስለሌለን የተጠቀምነው በመቆሚያ ላይ የተተከለ ተራ ካሜራ ነው። መሬት ስለምትሽከረከር ካሜራው ለረጅም ጊዜ ከተከፈተ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ የጥቂት ሰከንድ ምስሎችን ደጋግመው አንሥተው በኮምፒውተር አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ ብርሃኑን አጎሉት። የኦሪዮንን ኔቡላም (ኔቡላ የሚባለው በሰማይ ላይ ጭጋግ መስሎ የሚታይ ነገር ነው) በዚሁ መንገድ አነሡ።

የዓመቱ ምርጥ ውይይት የተነሣው ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኦሪዮን ወደ ሮዝ፣ አንድሮሜዳ ግን ወደ ቢጫ እንደሚያደሉ አስተውላ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ሊሆኑ እንደማይችሉ ተከራከረች። በእኔ አስተያየት ይህ ጥሩ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የምስል ቀለም እንደ ካሜራው አሠራር ይለዋወጣልና። ማስረጃውን የፈለግነው ከሳይንስ ታሪክ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሀጊንስ እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ የኔቡላዎችን ብርሃን በፕሪዝም ሲበትን፣ ኦሪዮን በተነጣጠሉ ደማቅ መስመሮች የሚያበራ ጋዝ ሆኖ ሲገኝ አንድሮሜዳ ግን እንደ ከዋክብት ያልተቆራረጠ ኅብረ ቀለም አሳየ። ይህም ሆኖ ርቀቱ ባለመታወቁ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሃርሎ ሻፕሊና ሄበር ከርቲስ በ1920 እንኳ እንዲህ ያሉ ኔቡላዎች እኛ ባለንበት የከዋክብት ስብስብ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ናቸው ወይስ ከእርሱ ውጭ በሚለው ተከራክረዋል። ክርክሩን የቋጨው ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ያገኘው፣ ሴፊድ የሚባል ድምቀቱ የሚለዋወጥ ኮከብ ነው። ሄንሪታ ሌቪት ቀደም ብላ እንዳሳየችው፣ የዚህ ዓይነት ኮከብ ከድምቀት ወደ ድምቀት የሚወስድበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃኑ ይበልጣል፤ ርቀቱም ይህን እውነተኛ ብርሃን ከምድር ከሚታየው ድምቀት ጋር በማነጻጸር ይሰላል። ኔቡላ ሲባል የኖረው እንደ ፍኖተ ሐሊብ በከዋክብት የተሞላ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ፎቶግራፉ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተሰቅሏል። አባላቱ ከሥሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ርቀት መጻፍ አለበት ብለው ስለወሰኑ፣ ሀብል ያሰላው 900,000 ገደማ እና ዛሬ ተቀባይነት ያለው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) አብረው ሰፍረዋል፤ የሴፊድ ከዋክብት እውነተኛ ብርሃናቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነት መሆናቸው የታወቀው ከሀብል ስሌት በኋላ ነውና።